አሻንጉሊቶቹ እስኪከተቱ

ኦቶሴ የኮክ አበባ ቅርንጫፎቹን ገሳዋ ስር ሸሽጋ የታኪናሚን ግንብ ዳገት በሩጫ ትወጣለች። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። የእንጨት ጫማዋ እርጥቡ ድንጋይ ላይ አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች፤ ስትነሣ ከጉልበቷ በፊት አበባውን አየች። አልረገፈም። ዛሬ የሴት ልጆች በዓል ነው። ከአሻንጉሊቶቹ ግራና ቀኝ የኮክ አበባ ካልቆመ በዓሉ በዓል አይባልም፤ በዚህ ዓመት ደግሞ ብርዱ ስለቆየ፣ የፈካ አበባ የተገኘው ከወንዙ ማዶ ካለው ገዳም አትክልት ብቻ ነበር።

መካከለኛው በር ላይ ባሏ ሄይሱኬ ጦሩን ይዞ ቆሟል። እግረኛ ወታደር ነው፤ ሚስቱ ባለፈች ቁጥር አንድ ነገር ሳይጎነትላት አያሳልፋትም። ዛሬ ግን ዝም አለ።

«ምን ሆንክ? ምላስህን ዝናቡ ወሰደው?» አለችው።

«ቀስ በይ» አላት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ወደ ግቢው ተመልከቺ።»

በግቢው መሐል፣ ዝናብ የሚወርድበት፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ በትከሻ ሰው የሚሸከሙበት ባለ መጋረጃ ካጎ ተቀምጧል። ተሸካሚዎቹ ጣሪያ ስር ተጠግተው እጃቸውን ያፋትጋሉ። በካጎው በር ላይ ያለውን የወርቅ ምልክት ኦቶሴ ከሩቅ አወቀችው። የዋናው ሹም የኢባራ ቤት ምልክት ነው።

«ማን መጣ?»

«ሽማግሌው ናሩሚ ጌንዛ። እሱ በእግሩ ነው የመጣው። ካጎው ባዶ ነው።»

«ባዶ?»

«ባዶ ነው እልሻለሁ። ሊያመጣ ሳይሆን ሊወስድ ነው የመጣው። እዚህ ግንብ ውስጥ በዚህ ዓይነት ካጎ የምትሄድ ልጅ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት።»

ኦቶሴ አበባውን በደረቷ አቅፋ ወደ ውስጠኛው ቤት ሮጠች።

ያቺ አንዲት ልጅ ቺሴ ነበረች። የታኪናሚ ጌታ ከወለዷቸው ልጆች በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ዕድሜዋ አሥር። ኦቶሴ የራሷን የበኩር ልጅ ጡት አስጥላ እሷን ስላጠባች፣ ልጅቷ ስትስል የኦቶሴ ደረት ያማል። የቺሴ እናት ኦሪኩ ትባላለች፤ በከተማው ጎራዴ የሚስል ሰው ልጅ ነበረች። ጌታው ወድደዋት ወደ ግንቡ አስገቧት እንጂ ዘር የላት፣ ደጋፊ ወንድም የላት። ጌታው እንደ ሕጉ ዓመቱን የአገሩ ሁሉ ገዥ ሾጉኑ ባለበት በኤዶ ከተማ ይሰነብቱና ሩዝ ሲተከል ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እሳቸው በሌሉበት የግዛቱ ቁልፍ በኢባራ እጅ ነው።

ኦቶሴ እግሯን አድርቃ የአሻንጉሊቶቹ ክፍል ስትደርስ ጌንዛ ከሰሌኑ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ እጅ እየነሣ ነበር። ከፊቱ ኦሪኩ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ቀይ ጨርቅ የለበሰው መደብ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ከበታቻቸው ደንገጡሮቹ፣ ከነሱ በታች ከበሮና ዋሽንት የያዙት አምስቱ ሙዚቀኞች። የጌታው አያት ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ይዘዋቸው የመጡ አሻንጉሊቶች ናቸው። የንግሥቲቱ ፊት ነጭ ቅቡ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተልጧል፤ ስንት ሴት ልጅ በጣቷ ነክታዋለች። ቺሴ ከመደቡ ግርጌ ተቀምጣ የጣት ጥፍር በሚያካክሉት ሳህኖች ላይ የሩዝ ቂጣ ትደረድር ነበር። ቀና አላለችም።

«ዋናው ሹም እንዲህ ይላሉ» አለ ጌንዛ። «ልጃችን አድጋለች። የትልቅ ቤት ሥርዓት የምትማርበት ጊዜ ደርሷል። ስለዚህ ወደ እኔ ቤት ትምጣ፤ ከልጄ ከሺኖጆ ጋርም ትታጭ። ይህ ለግዛቱም ሰላም ነው።»

ኦቶሴ አበባውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ልጅቷ ኢባራ ቤት ከገባች፣ ነገ የግዛቱ ወራሽ ማን እንደሚሆን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ኦሪኩ ፈገግ አለች። ድምጿም የተስተካከለ ነበር።

«ለዋናው ሹም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ትልቅ ክብር ነው። ግን እንደሚያዩት ዛሬ በዓሏ ነው፤ አሻንጉሊቶቹ ለሷ ብለው ወጥተዋል። ወደ ሣጥናቸው ሳይገቡ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

«ነገ ይከተታሉ፤ ነገ እንሄዳለን።»

«በዝናብ?» አለች ኦሪኩ፣ የተደነቀች መስላ። «ናሩሚ ሆይ፣ እርስዎ ሴት ልጆች አሳድገዋል። አሻንጉሊት በእርጥብ ቀን ይከተታል? ፊታቸው ይሻግታል፤ ፊታቸው የሻገተባት ልጅ ደግሞ ትዳሯ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ዋናው ሹም ለልጃቸው እንዲህ ያለች ሙሽራ ይፈልጋሉ?»

ጌንዛ ለረጅም ጊዜ መደቡን ተመለከተ። ፊቱ በዕድሜ የተጨማደደ፣ ዓይኖቹ ቀይ ነበሩ፤ ከግንባሩ በላይ ያለው፣ ሳሙራይ ሁልጊዜ የሚላጨው ቦታ፣ ሽበት አቆጥቁጦበታል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ዝናቡ ሲያባራ።»

የእንግዳ ማረፊያ ተሰጠው። ካጎው ጣሪያ ስር ገባ። ኦሪኩ ሰውየው እንደወጣ የኦቶሴን እጅ ያዘች፤ መዳፏ ቀዝቅዟል።

«ጌታችን ሩዝ ሲተከል ይመጣሉ» አለቻት በሹክሹክታ። «እስከዚያ ይዝነብ። ምናለ፣ ይዝነብ።»

ዘነበ። በማግሥቱም ዘነበ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ያለው ቦይ ሞልቶ ፈሰሰ፤ የወረቀት በሮቹ ረጥበው ሲከፈቱ እንደ ታመመ ሰው አቃሰቱ። ኦቶሴ ጠዋት ጠዋት በላባ መጥረጊያ የአሻንጉሊቶቹን አቧራ ታነሣለች፤ ከስራቸው የከሰል ማንደጃ እያደረገች እርጥበቱን ትከላከላለች። ሰማዩ ገለጥ ሲል ልቧ ይመታል፤ ሲጨልም ትተነፍሳለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይን ጠላች።

በሦስተኛው ቀን ማዕድ ቤት ስትገባ ወጥ ሠሪዋ ኦኩማ ጭልፋ ይዛ ትበሳጫለች። ኦኩማ ሰውነቷ ሰፊ፣ ንዴቷም የዚያኑ ያህል ነው።

«ያ ሽማግሌ ንቆኛል!» አለች። «የበዓል ቀን የዛጎል ሾርባ ሰደድኩለት። የዓመቱ ምርጥ ዛጎል! ሳይነካው ተመለሰ። ትናንት ዓሣ ጠበስኩ፤ ተመለሰ። ዛሬ እንቁላል፤ ተመለሰ። ምን ላብላው፣ ራሴን ልቀቅልለት?»

«አንቺን ቢቀቅሉሽ ማሰሮ አይገኝም» አለች ኦቶሴ። «ሆዱን አሞት ይሆናል።»

«ሆዱን አሞት ጨው የበላውን ፍጅል በሳህን ሙሉ ይጨርሳል? ሩዝና ቅጠል ብቻ። መነኩሴ ነው እንዴ?»

ኦቶሴ ሣቋ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ያልተነካውን እንቁላል ተመለከተች። ሥጋና ዓሣ የማይበላ፣ ራሱን የማይላጭ ሰው። አባቷ የሞተ ጊዜ ወንድሞቿ እንዲህ ነበሩ። ጌንዛ ሚስቱን ከቀበረ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ። እንዲህ በድብቅ የሚታዘንለት ሰው ማን ነው?

ጭልፋው ሲንኳኳ፣ ኦኩማ ስትራገም፣ እሷ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ቤት ሄደች።

ለኦሪኩ የነገረቻት አሻንጉሊቶቹ ፊት ነው። ቺሴ በሌላው ክፍል መጻፍ ትለማመድ ነበር። ኦቶሴ ጠጋ ብላ ያየችውን ሁሉ፣ የዓሣውንም የጠጉሩንም፣ ነገረቻት። ኦሪኩ ሰማች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ በእጇ የያዘችውን ትንሽ የአሻንጉሊት መብራት መደቡ ላይ አኖረች።

«ጥሪው» አለች።

ጌንዛ ገብቶ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። ኦቶሴ ከወረቀቱ በር ኋላ ተንበረከከች። ኦሪኩ ሻይ አላቀረበችም፤ ስለ ዝናቡም አላወራችም።

«ጌታዬ መቼ ሞቱ?» አለችው።

ጌንዛ አላስተባበለም። ትከሻው ዝቅ አለ፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተጨበጡ።

«ማን ነገረዎት?»

«ሰውነትዎ ነው የነገረኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ዓሣ ይበላል።»

«የሁለተኛው ወር ሲገባ» አለ ጌንዛ። «በሳል። ቀናት አልቆዩም። በኤዶ ሳሉ ከጎናቸው የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ዝም እንድንል ማልን። እመቤቴ፣ ወራሽ አልሰየሙም። ወራሽ ሳይሰይም ጌታ የሞተበት ግዛት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ለሾጉኑ ገቢ ይሆናል። ግንቡ ይዘጋል፤ እኛም እንበተናለን።»

«ስለዚህ በሕይወት እንዳሉ ታስመስላላችሁ።»

«ኢባራ፣ ጌታው በጠና ታመው ልጃቸውን ለሺኖጆ ሊድሩ፣ እሱንም ወራሽ ሊያደርጉ ፈቃድ ይጠይቃሉ ብለው ለሾጉኑ ሹማምንት አመልክተዋል። ልጅቷ ግን ገና እዚህ ናት። ፈቃዱን የሚሰጡት ሰዎች ልጅቷ የት ናት ብለው ቢጠይቁ፣ በኢባራ ቤት መሆኗ መታየት አለበት። ፈቃዱ ሲመጣ ሞታቸው ይነገራል።»

«ሞታቸው አሁን ቢነገር?» አለች ኦሪኩ። «አባቷ የሞተባት ልጅ ሐዘኗን ሳትጨርስ አትታጭም። ማንም ከዚህ ቤት ሊያስወጣት አይችልም።»

«ልክ ነው» አለ ጌንዛ። «አንዲት ለቅሶ ከዚህ ቤት ከወጣች ልጅዎ ከእርስዎ ጋር ትቀራለች። እኔ አልከለክልዎትም፤ ለጌታዬ ሚስት አልቅሺ አታልቅሺ የምል ሰው አይደለሁም። ግን ያ ለቅሶ ኤዶ ይሰማል።» ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «ከዚህ ግንብ እንጀራ የሚቆርሱትን ቤቶች ሁሉ ያስቡ። ክረምት ሲመጣ ሕፃን አዝለው በየመንገዱ ነው የሚሆኑት። ጎረቤታችን ግዛት ሲዘጋ አይቻለሁ። ሳሙራዮቹ ጎራዴያቸውን ሸጡ፤ በኋላ ሴት ልጆቻቸውን ሸጡ።»

ተነሥቶ እስኪወጣ ኦሪኩ አልመለሰችለትም። ሲወጣ በሩን ራሷ ዘጋችው። ከዚያ የኪሞኖ ቀሚሷን እጅጌ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ሰውነቷ እየተንዘፈዘፈ፣ ድምፅ ሳይወጣት፣ ቀዩ ጨርቅ ላይ ተደፋች። ኦቶሴ ሮጣ ትከሻዋን ያዘቻት። የሙዚቀኞቹ ከበሮና ዋሽንት ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ወደቁ። ከጎን ካለው ክፍል የቺሴ ድምፅ መጣ።

«እናቴ፣ ምንድነው የወደቀው?»

ኦሪኩ እጅጌዋን ከአፏ አወጣች።

«ምንም አይደል፣ የኔ ዓለም! ኦቶሴ ናት፤ እንደ በሬ ስትዞር ገፋቻቸው!» አለችና ሣቀች። ሣቁ ረጅም ነበር። ኦቶሴ እንደዚያ ያለ ሣቅ ዳግመኛ እንዳትሰማ ለመነች።

ሲመሽም ኦሪኩ እዚያው ነበረች። ሻማ አላበራችም። ኦቶሴ ማንደጃውን ልትቆሰቁስ ስትገባ አስቆመቻት።

«አንቺ ልጆች አሉሽ» አለቻት።

«ሁለት ወንዶች፣ እመቤቴ።»

«እኔ ካለቀስኩ ሄይሱኬ ጦሩን ያስረክባል። ልጆችሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ካላለቀስኩ፣ በጡትሽ ያሳደግሻት ልጅ አባቷ ሞቶ ሳታውቅ ቀይ ለብሳ ለነዚያ ሰዎች ትሰጣለች። ንገሪኝ። አልቅስ? ዝም ልበል?»

ኦቶሴ ልጆቿ በዚያች ሰዓት ሩዝ በልተው ተጋፍተው እንደሚተኙ አሰበች። የቺሴ ትንሽ ጥርስ ጡቷን የነከሰበትን ቀን አሰበች። አንደኛውን ለመምረጥ አፏን ከፈተች፤ አልቻለችም።

«እኔን አይጠይቁኝ፣ እመቤቴ» አለች። «እባክዎ። እኔን አይጠይቁኝ።»

ኦሪኩ ማንደጃውን ራሷ ቆሰቆሰች። «እውነትሽን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሰው የሚጠየቀው ነገር አይደለም።»

በማግሥቱ ኦቶሴ የነቃችው በወፎች ጩኸት ነው። ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ነገር አልነበረም። በሩን ስትከፍት ፀሐይ በርጥቡ ግቢ ላይ ወድቃ ዓይኗን ወጋቻት፤ ከተራራው በኩል ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። አሻንጉሊት ለመክተት ከዚያ የተሻለ ቀን አይገኝም።

ኦሪኩ ቀድማት ተነሥታለች። ጠጉሯን አስተካክላ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ሣጥኖቹን እያስደረደረች ነበር። ኦቶሴ አየቻት፤ ኦሪኩ ራሷን ነቀነቀች። በቃ። ለቅሶ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ተወስኗል፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር በመካከላቸው ቃል አልተነገረም።

ሥራውን ቺሴ ትወድደዋለች። እያንዳንዱን ፊት በስስ ወረቀት ትሸፍናለች፤ ወረቀቱ ዓይንና አፍንጫ እንዳይጫን በጥጥ ትደግፈዋለች፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልላ ታስተኛቸዋለች። እናቷ ለአፍታ ወደ ውጭ ስትወጣ፣ ልጅቷ ከበሮ መቺውን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ኦቶሴ።»

«አቤት፣ የኔ እመቤት።»

«እናቴ ከትናንት ጀምሮ ትሥቃለች።»

«በዓል አይደል? ደስ ብሏት ነው።»

«እናቴ ደስ ሲላት አትሥቅም» አለች ቺሴ። «ደስ ሲላት ዝም ነው የምትለው። ዓይኗ ብቻ ነው የሚሥቀው።» ከበሮ መቺውን ሣጥኑ ውስጥ አስተኛችው። «አሮጌው ሰውዬም አባቴን ሲጠራ ወደ መሬት ያያል።»

ልጅቷ መልስ አልጠበቀችም። ንግሥቲቱን አነሣች፤ አንድ ጊዜ በጣቷ አፍንጫዋን ነካችና ወረቀቱን አለበሰቻት።

ሣጥኖቹ ከጉዞው ጋር አብረው እንዲሄዱ ታዞ ነበር። ኦቶሴም ልብሷን ጠቅልላ ተዘጋጅታለች፤ ልጅቷን ተከትላ እንደምትሄድ ማንም አልተጠራጠረም። ጌንዛ ግን ከግቢው መጥቶ ዓይኗን ሳያይ ነገራት።

«አንቺ ትቀሪያለሽ። የዋናው ሹም ትእዛዝ ነው። ከዚህ ቤት ማንም አይከተላትም።»

«ማን ያስተኛታል?» አለች ኦቶሴ። «ጌታዬ፣ ስትስል ጀርባዋን ማን ያሻታል? እንዴት እንደሚታሽ አያውቁም እኮ!»

«እነግራቸዋለሁ» አለ ሽማግሌው። «አሳዪኝና እነግራቸዋለሁ።»

እዚያው ግቢው ጥግ፣ ኦቶሴ የሳሙራዩን ጀርባ በመዳፏ ከታች ወደ ላይ እያሸች አሳየችው። ሁለቱም አላፈሩም።

ቺሴ ስትወጣ ቀይ ኪሞኖ ለብሳ ነበር። ወገቧ በወርቀ ዘቦ መቀነት ታስሯል፤ ፊቷ በነጭ ተቀብቶ ራሷ ከሣጥን የወጣች ትመስላለች። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ወታደሮች፣ ገረዶች፣ ኦኩማ ከነሽርጧ፣ የኢባራ ቤት ሰዎች። ሄይሱኬ በሩ ላይ ጦሩን ይዟል። ኦሪኩ ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ ፈገግ ብላለች። ኦቶሴ ከኋላዋ ሆና አንገቷ ላይ ያለውን ጅማት ታያለች፤ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። ያ ጅማት ቢበጠስ ሁሉም ነገር ያበቃል።

ልጅቷ ካጎው ጋ ደርሳ ቆመች። መጋረጃው ተገልጦላታል። አልገባችም።

«ናሩሚ» አለች፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ።

ጌንዛ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ።

«አባቴ ደኅና ናቸው?»

ኦቶሴ ከኢባራ ሰዎች አንዱ እጁን ወደ ጎራዴው እጀታ ሲያስጠጋ አየች። የኦሪኩ ጣቶች ሰሌኑን ያዙ። ጌንዛ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ልጅቷ ጠበቀችው። በዚያች ቅጽበት ኦቶሴ ገባት። ቺሴ የምትጠይቀው ስለማታውቅ አይደለም። ይህን ሰውዬ በሕዝብ ፊት የምትፈልገውን ቃል እንዲናገር እያስገደደችው ነው።

«ደኅና... ደኅና ናቸው» አለ ጌንዛ።

«እንግዲያስ ቀይ ለብሼ ብሄድ ነውር የለበትም» አለች ቺሴ።

ወደ እናቷ ዞራ እስከ መሬት እጅ ነሣች። ኦሪኩም እጅ ነሣቻት፤ ግንባሯን ከሰሌኑ ሳታነሣ ቆየች። የካጎው መጋረጃ ወረደ። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸውን አስገቡ፤ ካጎው ተወዛውዞ ከመሬት ተነሣ። ጌንዛ ግን ከተንበረከከበት ጭቃ አልተነሣም። ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ሽማግሌ ጀርባው ከፍ ዝቅ እያለ፣ ጉዞው በሩን እስኪያልፍ እዚያው ነበር። ሰው የሥርዓት እጅ መንሣት መሰለው። «አቤት የድሮ ሰው አክብሮት!» አለች ኦኩማ በኦቶሴ ጆሮ። ሄይሱኬ በሩን ዘጋ።

ሩዝ ተተከለ። ችግኙ ሥር ከያዘ በኋላ ከኤዶ ፈቃድ መጣ፤ ሺኖጆ የታኪናሚ ወራሽ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዜና ተከተለ። ጌታው በጠና ታመው ሰንብተው አርፈዋል ተባለ፤ ያረፉበትም ቀን አዲስ ቀን ተሰጠው። የከተማው ገበያ ተዘጋ፤ ከበሮ ተከለከለ፤ ሳሙራዮች ራሳቸውን መላጨት ተዉ። ጌንዛ ጎራዴዎቹን አስረክቦ ገዳም ገባ። ቺሴ ለአባቷ መታሰቢያ እንኳ ወደ ግንቡ እንድትመጣ አልተፈቀደላትም። በኢባራ ቤት የሐዘን ነጭ ለብሳ ተቀመጠች፣ ሳሏም ብሶባታል የሚል ወሬ ብቻ መጣ።

ኦሪኩ በሹማምንቱና በሚስቶቻቸው ፊት ቀርባ ጠጉሯን በመቀስ ቆረጠች፤ የመበለት ሥርዓት ነው። ሴቶቹ ሁሉ እጅጌያቸውን ወደ ዓይናቸው አንሥተው ያለቅሱ ነበር። እሷ ዓይኗ ደርቆ፣ ጠጉሯን በወረቀት ላይ አስቀምጣ፣ ተነሥታ ሄደች። ጊዜው ሲከለክላት በውስጧ ያለቀሰችው አልቆ፣ ሲፈቀድላት የሚወጣ አልቀረም።

በማግሥቱ ኦቶሴ ውኃ ልትቀዳ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ የወታደር ሚስቶች ተሰብስበው ነበር።

«አንዲት ዘለላ እንኳ!» ትላለች አንዷ። «ከጭቃ አንሥተው ሰው ላደረጓት ጌታ!»

«ምን ታድርግ፣ ጎራዴ የሚስል ሰው ልጅ አይደለች? ከብረት ጋር ነው ያደገችው።»

«ልጇ ስትሄድም እኮ ትሥቅ ነበር አሉ።»

አንዷ ወደ ኦቶሴ ዞረች። «አንቺ እዚያው ነሽ። እውነት አላለቀሰችም?»

ኦቶሴ ገመዱን እየሳበች ነበር። ባልዲው ከጨለማው ሞልቶ ወጣ። እውነቱ ቢነገር ከዚህ ጉድጓድ የሚጠጡ ሁሉ ነገ መንገድ ላይ ናቸው።

«አላለቀሰችም» አለች።

ቤቷ ደረሰች። ሄይሱኬ ለበር ጥበቃው መቀነቱን እያጠበቀ ነበር፤ ልጆቿ በየሳህናቸው ላይ አጎንብሰው ሩዝ ይበላሉ። ትንሹ አፉን ሞልቶ «እናቴ፣ ጨምሪልኝ» አላት። ኦቶሴ ጭልፋውን አነሣች። ያኔ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ፣ ደረቷን እየመታች፣ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች። ልጆቹ ፈርተው አብረዋት አለቀሱ። ሄይሱኬ እጇን ሊይዛት ሞከረ፤ አልቻለም።

ከጉድጓዱ የሚመለሱት ሴቶች ባልዲያቸውን አስቀምጠው ደጁ ላይ ቆሙ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ።

«ስሙማ» አለች አንዷ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ለጌታ እንዲህ ነው የሚለቀሰው።»